የግብጦ ቀን

ጋሼ ስሜነህ ሲሞቱ ድንኳን የተከለላቸው የአከራያቸው የእትዬ ብርቄ እድር ነው። የራሳቸው እድር አልነበራቸውም፤ ብቻውን የሚኖር ሰው የማንን ቀብር አስቦ እድር ይገባል? የእድሩ ሰዎች ወንበር ደርድረው «የሟች ወገን ማነው? ከፊት ማን ይቀመጥ?» ብለው ሲጠይቁ፣ እትዬ ብርቄ ግራ ቀኙን አይተው «እኔው ልቀመጥ እንግዲህ» አሉና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀመጡ። ይህን የነገረችኝ የድሮ የሩጫ ጓደኛዬ ጥሩሰው ናት። እኔ ከማስተምርበት ከደጀን አውቶቡስ አጥቼ፣ በመጨረሻ አንድ የጭነት መኪና ለምኜ ደብረ ማርቆስ ስደርስ ቀብሩ አልፎ ነበር።

ጥሩሰውና እኔ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ደጋግ ሰዎች ናቸው፤ ግን የመጡት ለእድራቸው ወግ ነው እንጂ ሰውየውን የሚያውቁት ጥቂት ነበሩ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው «ምንሽ ናቸው ልጄ?» አሉኝ። አባቴ ናቸው እንዳልል ውሸት ነው፤ ዘመድ እንዳልል ዘራቸውን አላውቅም። «አስተማሪዬ ነበሩ» አልኳቸው። «የምን አስተማሪ?» አሉ። «የሩጫ» ብዬ መለስኩላቸው፤ ግን ልክ አልመሰለኝም። ከጋሼ ስሜነህ ጋር ከሮጥነው ይልቅ ያልሮጥነው ቀን ነው የማይረሳኝ።

ያወቅኋቸው ዘጠነኛ ክፍል ስገባ፣ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ፤ ከትምህርት በኋላ ደግሞ የከተማውን የሩጫ ቡድን ያሠለጥናሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ግራ እግራቸውን ትንሽ የሚጎትቱ ሰው ናቸው። አንገታቸው ላይ ሁልጊዜ ፊሽካ ይንጠለጠላል፤ ነፍተውት ግን አይቼ አላውቅም። ጩኸት አይወዱም። ደግሞ ሰው ሲጨብጡ እጁን በዚያው አይለቁትም፤ ጣታቸውን ወደ አንጓው ሰደድ አድርገው የልብ ምቱን ይቆጥራሉ። የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ሳይቀር እጁን እንደያዙ «አንተ፣ ትናንት አልተኛህም» ይሉታል። ዘበኛው መጀመሪያ ሰሞን መተት የሚያውቁ መስሎት ይሸሻቸው ነበር። በኋላ ግን እሱው ራሱ እጁን እየዘረጋ ይጠብቃቸው ጀመር።

ስለ ራሳቸው አያወሩም። ከመርጡለ ማርያም በኩል መምጣታቸውን፣ በልጅነታቸው ዲማ ቅኔ ቤት መቀመጣቸውን፣ ከዚያ ወጥተው ሯጭ ሆነው ቅልጥማቸው መሰንጠቁን እናውቃለን። ለምን እንደተሰነጠቀ ስንጠይቃቸው «መሮጥ እንጂ መቀየር አላውቅም ነበር» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ። ሚስት አግብተው ያውቁ እንደሆነ የጠየቃቸው የለም። ክፍላቸው ውስጥ አንድ አልጋና አንድ ወንበር አለ። እኛ ስንሄድ አልጋው ላይ እንደረደራለን፤ እሳቸው በዚያች ወንበር ላይ ሆነው አንድ በአንድ ያዩናል። ያን ጊዜ ልጅ ስለነበርኩ አልገባኝም እንጂ፣ ፊታቸው የሚበራው እኛ እዚያ ስንሆን ብቻ ነበር። ያላቸው እኛው ነበርን።

አንድ ክረምት ለአሠልጣኞች አጭር ኮርስ አዲስ አበባ ተልከው ሲመለሱ አዲስ ቃል ይዘው መጡ። «ከእንግዲህ ማክሰኞና ቅዳሜ ክሮስ ትሬኒንግ ነው» አሉን። እኛ ክሮስ ሲባል የምናውቀው አገር አቋራጩን ሩጫ ነው። ማክሰኞ ዕለት እንደ ጉድ ተዘጋጅተን መጣን። ጥሩሰው ባለ ሚስማር ጫማ ተውሳ አንድ ቁጥር ስለሰፋት ጫፉን በጨርቅ ወትፋዋለች። ሌሎቹ ጭቃ ያለበት ማሳ የቱ እንደሆነ ይከራከራሉ። ጋሼ ስሜነህ የኪራይ ብስክሌት እየገፉ ብቅ አሉ።

«ይኸ ለማነው ጋሼ?» አልናቸው።

«ለእናንተ ነው። ዛሬ የሚሮጥ የለም።»

«ክሮስ ነው አላሉንም እንዴ?»

«ነው እንጂ።»

«ሳንሮጥ የምን ክሮስ ነው?» አለች ጥሩሰው፣ ጫማዋን እያየች።

ነገሩ ሲገባቸው ብስክሌቱን ዛፍ አስደግፈው ሣሩ ላይ ተቀመጡና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እንዲያ ሲስቁ አይተናቸው ስለማናውቅ ደንግጠን ቆምን። ሳቃቸው ሲበርድ ወደ እኔ ዞረው በስሜ ጠሩኝ፤ የገበሬ ልጅ መሆኔን ያውቃሉ።

«ይታይሽ፣ አባትሽ ጤፉን ካነሣ በኋላ እዚያው ማሳ ላይ ምን ይዘራል?»

«አንዳንዴ ባቄላ። መሬቱ በጣም ከደከመ ግብጦ።»

«ለምን ድጋሚ ጤፍ አይዘራም?»

«ይቀጭጫላ ጋሼ! መሬቱ ይሰለቻል።»

«እንግዲያው ቅልጥምሽም መሬት ነው» አሉኝ። «ሩጫው ጤፍ ነው። ዛሬ ግብጦ እንዘራለን።»

ከዚያ ቀን በኋላ ክሮስ የሚለው ቃል ቀረ። ማክሰኞና ቅዳሜ የግብጦ ቀን ተባለ።

በግብጦ ቀን የማንሠራው ነገር አልነበረም። ብስክሌቱ አንድ ስለሆነ በየተራ ዳገት እንገፋበታለን፤ ተራ የሚጠብቀው ገመድ ይዘላል፤ ገመድ ያልደረሰው በሆዱ ተኝቶ ወገቡን ያነሣል። ከቤተ ክርስቲያን አጥር የተረፈ ድንጋይ እየተሸከምን ከታች ወደ ላይ አውጥተን መልሰን አውርደናል። ልክ ሥራው እጃችን ሲገባና ስንለምደው፣ ጋሼ ስሜነህ ድምፃቸውን ሳያነሡ «ቀይሩ» ይላሉ። ብስክሌት የያዘ ይወርዳል፣ ገመድ የያዘ ይወጣል። ድንጋይ በቀኝ የተሸከመ ወደ ግራ ያዞራል። ቀይሩ የምትለው ቃል ጆሯችን ውስጥ ከመግባቷ የተነሣ፣ ክፍል ውስጥ መምህር ሲያንዛዛብን ጥሩሰው ከኋላ ሆና በሹክሹክታ «ቀይሩ» ትልና ሁላችንንም ታስቃለች።

አንድ ቀን ደግሞ የባሕር ዛፍ እንጨት አስይዘውን፣ ዲማ በተማሪነታቸው ያዩትን የማኅሌት ዝማሜ ያስተምሩን ጀመር። ዝግ ብሎ ወዲህ፣ ዝግ ብሎ ወዲያ። የሚያሾፉ መስሎን ነበር፤ ሲቆይ ግን ጭናችን ይንቀጠቀጥ ገባ። በመንገድ የሚያልፉ አንድ ቄስ ቆመው አይተው «ምነው ስሜነህ፣ ዝማሜውን ደግሞ ለሩጫ አደረግኸው?» አሏቸው።

«አባ፣ ሌሊቱን ቆሞ የሚያድር ጉልበት እኔ ሌላ ቦታ አላየሁም፤ ከእናንተ ልዋስ ብዬ ነው» አሉ ጋሼ ስሜነህ።

ቄሱ ሊቆጡ ፈልገው አልቻሉም። «እንግዲያው ወገባችሁን ቀና አድርጉ፤ እንዲህ ተጎብጦ አይዘመምም» ብለውን መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከተማው ያሾፍብን ነበር። እናቴም «ሯጭ ትሆናለች ብዬ ብልካት የድንጋይ ተሸካሚ ሆና ትመጣለች» እያለች ለጎረቤት ታወራለች። ጋሼ ስሜነህ አይከራከሩም። ለእኛ ግን ያስረዱን ነበር። «ልብሽ ሩጫ ነው ዋና ነው አታውቅም፤ የምታውቀው መሥራቷን ነው። ቅልጥምሽ ግን ያውቃል። ስለዚህ ልብሽን እያሠራሽ ቅልጥምሽን አሳርፊው» ይሉኛል። እውነትም ዳገት ላይ ጎናችንን ይወጋን የነበረው ተወን፤ ጉልበቱን እያመመው በየወሩ ይቀር የነበረው ልጅ መቅረቱን ተወ። ከሁሉም ከሁሉም፣ ረቡዕ ሲመጣ እግራችን ሩጫ ይርበው ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ በበጋ ጨሞጋ ወንዝ እንወርዳለን። ከድልድዩ ራቅ ብሎ ውሃው የሚተኛበት ጥልቅ ቦታ አለ፤ እዚያ መዋኘት አስተማሩን። ውሃው አጥንት ይሰብራል። ውድድራችን የሚያበቃበት ሰሞን ሲደርስ፣ ጋሼ ስሜነህ እውነተኛውን ግብጦ በቤታቸው ቆልተው፣ በጆንያ አድርገው ያመጡና በብስክሌት የውስጥ ጎማ፣ በከመነዳሪ፣ ከዛፍ ሥር አስረው ወንዙ ውስጥ ይዘፈዝፉታል። ግብጦ መራራ ነው፤ ወራጅ ውሃ ቀን ከሌት ካላጠበው አይበላም። ሲደርስ ጆንያውን በእንጨት አንጠልጥለን፣ ተራ በተራ ትከሻ እየቀየርን ዳገቱን እናወጣውና በጨውና በሚጥሚጣ እንበላዋለን። አንድ ዓመት ጥሩሰው «ሲደርስ ይጥሩን ጋሼ» ብትላቸው «ግብጦ ጥሪ የለውም፤ የሚያስታውስ ይመጣል» አሏት። እንዲህ ናቸው፤ ሰው መጥራት አይሆንላቸውም። ግን ሲያድሉን «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል፤ ብሉ» እያሉ በእፍኝ በእፍኝ ይሰጡናል።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ባሕር ዳር ለክልሉ ቡድን ምርጫ ሊደረግ ነበር። ከመካከላችን ታልፋለች የተባልኩት እኔ ነኝ። ሰሞኑን ግን ግራ ቅልጥሜ ላይ፣ ጣት በምታህል ቦታ፣ ሌሊት ሳይቀር የሚጠዘጥዘኝ ሕመም ገባ። ጋሼ ስሜነህ አውራ ጣታቸውን አሳርፈው ጫን ሲያደርጉት ጮህኩ። ፊታቸው ተለወጠ። «በአንድ እግርሽ ዝለይ» አሉኝ፤ አልቻልኩም። «ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም ቀን ግብጦ ነው» አሉ።

የምርጫው ሳምንት ሲደርስ ከስፖርት ጽሕፈት ቤት አንድ ኃላፊ ሜዳ ድረስ መጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እሳቸውንም ከላይ የሚጠይቃቸው አለ። እኛ ጥቂት ራቅ ብለን ቆመን እንሰማለን።

«አንድ ቀን እኮ ነው ስሜነህ። እግሯን ትሰርና ትሩጥ፤ ከዚያ እንደፈለገች ትረፍ።»

«እኔንም አንድ ቀን ነው ብለውኝ ነበር» አሉ ጋሼ ስሜነህ።

«ተው እንጂ ወንድሜ። ይቺን ልጅ ካላሰለፍህ ቡድኑን ለሌላ ሰው ስጡ ማለታቸው አይቀርም። እኔ ምን ብዬ እመልሳለሁ? አስበው።»

ጋሼ ስሜነህ ወደ እኛ ዞረው አዩን። አልጋቸው ላይ ተደርድረን ስንቀመጥ እንደሚያዩን፣ አንድ በአንድ። ከዚያ ወደ እኔ መጥተው አንጓዬን ያዙና ቆጠሩ።

«ልቧ ደርሷል» አሉ ኃላፊውን ሳያዩ። «ቅልጥሟ አልደረሰም። አትሮጥም።»

አለቀስኩ። «እባክዎ ጋሼ፣ እኔ እችለዋለሁ» አልኳቸው።

«መቻሉንማ ትችያለሽ» አሉኝ። «እኔም ችዬ ነበር።» ከዚያ እጄን ለቀቁት።

ቡድኑን ወሰዱባቸው። የተተካው ወጣት አሠልጣኝ ደህና ሰው ነበር፤ የግብጦን ቀን እንኳ አልሻረውም፤ ስሙን ብቻ መልሶ ክሮስ ትሬኒንግ አለው። ጋሼ ስሜነህ እኔን ብቻቸውን በብስክሌትና በወንዝ አሠልጥነው፣ አጥንቴ ሲጠገን «በይ ወደ ጓደኞችሽ» ብለው መለሱኝ። በሚቀጥለው ዓመት ባሕር ዳር ሮጬ መሐል ላይ ሆኜ ጨረስኩ። ስሜ በሬድዮ አልተጠራም። እግሬ ግን ይኸው አለ፤ ዛሬም ደጀን ላይ ንጋት ከመኪኖቹ ቀድሜ ዳገቱን እሮጥበታለሁ።

እሳቸው ከዚያ በኋላ ሜዳው ውስጥ አልገቡም። ግን አልቀሩም። እኛ ስንሮጥ ከማዶ ባሕር ዛፎቹ ሥር ቆመው እናያቸዋለን፤ የአዲሱን አሠልጣኝ ሥራ የሚጋፉ እንዳይመስልባቸው አይጠጉም። ዙራችንን ጨርሰን ስንፈልጋቸው የሉም። ጡረታ ከወጡ በኋላም፣ እኛ ሁላችን ተበትነን ሜዳው ሌሎች ልጆች ከሞሉት በኋላም፣ ጠዋት ጠዋት እዚያው ይቆሙ ነበር አሉ። የማያውቋቸው ልጆች የዛፎቹ ጠባቂ ይመስሏቸዋል።

ደብረ ማርቆስ በመጣሁ ቁጥር እጠይቃቸው ነበር። መጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ባለፈው ገና ነው። ከስተዋል። አልጋው ላይ ተቀመጥኩ፤ እሳቸው በዚያችው ወንበር ላይ። እንደ ልማዳቸው አንጓዬን ይዘው ቆጠሩና «ደህና ነሽ» አሉ። እኔም በተራዬ ለጨዋታ ያህል እጃቸውን ያዝኩና «ጋሼ፣ ለእኛ ሁሉ ግብጦ ቀን ሰጡን። የእርስዎስ ግብጦ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

ይስቃሉ ብዬ ነበር። እጃቸውን ሳይነጥቁኝ ወደ መስኮቱ አዩ።

«እኔማ ጤፍ በጤፍ ላይ ነው የዘራሁት፣ ይታይሽ» አሉኝ። «መጀመሪያ ሩጫ፣ ከዚያ እናንተ። ሌላ ነገር መዝራት ረሳሁ።»

«ዘንድሮ የግብጦው ጊዜ ሲደርስ ልጆቹን ሰብስቤ ላምጣልዎት?» አልኳቸው።

«ኧረ ሰው አታስቸግሪ» አሉ። መልሰው ግን «ስንት ይመጣሉ?» ብለው ጠየቁኝ።

ደጀን ተመልሼ ስልክ ስደውል ከረምኩ። አንዱ አዲስ አበባ ነው፣ አንዷ ወልዳ ተኝታለች፣ አንዱ የረጅም መንገድ ሹፌር ሆኗል። ከስንት ጥሪ በኋላ ከጥሩሰው ሌላ ሁለት ሰዎች «እንሞክራለን» አሉ። ለጋሼ ስሜነህ ደውዬ «ቅዳሜ እንመጣለን፤ አራት ነን» አልኳቸው። «ይሁን፤ እንዳትቸገሩ» አሉና ስልኩ ተዘጋ። ሐሙስ ንጋት ላይ እትዬ ብርቄ በራቸውን ቢያንኳኩ አልከፈቱም።

ስለዚህ ቅዳሜያችን ሣልስታቸው ሆነ። እንሞክራለን ያሉት ሁለቱ፣ ካረፉ በኋላ መምጣቱ ምን ያደርጋል ብለው ነው መሰል፣ በስልክ አልቅሰው ቀሩ። አልፈርድባቸውም። እድርተኛው ጥቂት በጥቂት ተነሥቶ ድንኳኑ ባዶ ሲሆን፣ እትዬ ብርቄ ድንገት ራሳቸውን ያዙ።

«ኧረ ያ ግብጦ! ወንዝ ውስጥ ቀረ እኮ።»

«የምን ግብጦ ነው እትዬ?» አልኳቸው።

«የስሜነህ ነዋ። በየዓመቱ ትንሽ ይዘፈዝፍና ሲደርስ ለጎረቤት ያድላል። ዘንድሮ ግን ስንት ቀን ሙሉ ሲቆላ ሰነበተ። ምን ሊያደርግልህ ነው ይኸ ሁሉ ብዬ ብጠይቀው፣ ልጆቼ ይመጣሉ አለኝ። እኔ ደግሞ ልጅ እንዳለው አላውቅም።»

ጥሩሰውና እኔ ተያየን። ጫማችንን አጥብቀን ጨሞጋ ወረድን።

ጆንያው እዚያው ነበር። ውሃው በሚተኛበት ቦታ፣ ከዚያው ዛፍ ሥር በከመነዳሪ ታስሯል። ዋና ያስተማሩን ጠርዝ ላይ ተንበርክከን ስንጎትተው አልነቃነቅ አለን። አራት ነን ብያቸው ነበር፤ እሳቸው ግን የቆሉት ለድሮው ቡድን በሙሉ ነው። የተቆላ ግብጦ ቀላል ነው፤ ደረቁን ይዘው እግራቸውን እየጎተቱ ብቻቸውን ወርደዋል። ውሃ ሲጠጣ ግን ያብጣል። እርጥቡን ያን ዳገት ብቻቸውን ሊያወጡት እንደማይችሉ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። የሚያወጣው ሰው እንደሚመጣ አምነው ነበር የዘፈዘፉት።

በመከራ ከውሃው አወጣነው። ጥሩሰው የጆንያውን አፍ ፈትታ አንድ ፍሬ ላጠችና ቀመሰች። ከዚያ አንድ ለእኔ ሰጠችኝ። ምሬቱ ለቆ ነበር። በልኩ ደርሷል፤ ለቅዳሜ ብለው ነው የዘፈዘፉት፣ ለቅዳሜ ደረሰ። እዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን ያላለቀስነውን አለቀስን።

ከወደቀ ባሕር ዛፍ አንድ እንጨት አግኝተን ጆንያውን መሐሉ ላይ አንጠለጠልነው። እኔ ከፊት፣ ጥሩሰው ከኋላ ሆነን ዳገቱን ያዝን። ድሮ እየሳቅን የምንወጣው ዳገት ነው፤ ያን ጊዜ ብዙ ትከሻ ነበረን። ከጆንያው የሚንጠባጠበው ውሃ መንገዱን እያረጠበ ይከተለናል። የዳገቱ ወገብ ላይ ስንደርስ ትከሻዬ ነደደ፤ ከቆምኩ የማልነሣ ስለመሰለኝ ጥርሴን ነክሼ እሄድ ነበር።

ከኋላዬ ጥሩሰው፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ቀይሪ» አለችኝ።

ቆምን። ትከሻ ቀየርንና ቀሪውን ወጣነው።